ስለ መንገደኛ ስንቅና ስለ ቡና አገር ጎዳና

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በወሊሶ፣ በወልቂጤ፣ በጅማና በቦንጋ በኩል ወደ ሚዛን ተፈሪ የሚወርደው ጎዳና 560 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሲሆን፣ ከዚያ በሸኮ አልፎ ቴፒ ለሚገባው መንገደኛ ደግሞ ሌላ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጨመርበታል። በዚህ ጎዳና ላይ አራት ነፍስ ያለው ቤተ ሰብ ሲጓዝ ቁርሱን በአንዱ ከተማ፣ ምሳውን በሌላው፣ እራቱን በሦስተኛው ሆቴል ቢበላ፣ በመሄጃው ዐሥራ ሁለት፣ በመመለሻው ዐሥራ ሁለት፣ በድምሩ ሃያ አራት ሳህን ምግብ ይገዛል ማለት ነው፤ በየመካከሉ ለልጆች የሚገዛው ብስኩት፣ ለስላሳና የታሸገ ውሃ በዚህ ቁጥር ውስጥ አልገባም። የሳህኑን ዋጋ በብር ያልጻፍሁት፣ ይህ መጽሐፍ ከማተሚያ ቤት እስኪወጣ ድረስ ቁጥሩ ያረጀ ሆኖ ስለሚገኝ ነው፤ አንባቢው ራሱ በደረሰበት ዘመን ዋጋ ያባዛው። ሰው ስለ ጉዞ ወጪ ሲያስብ አስቀድሞ የሚቈጥረው የአውቶቡሱን ትኬት ነው፤ ትኬቱ ግን የተቈረጠ ታሪፍ ስላለው ተጓዡ ቢከራከርም ባይከራከርም አይቀንስም። ሊቀነስ የሚችለው የሆድ ወጪ ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን በመራብ ሳይሆን አስቀድሞ በማሰናዳት ነው የሚቀነሰው።

የጥንት ሰው ይህን ማሰናዳት የጉዞው እኩሌታ አድርጎ ይቈጥረው ነበር። በኦሪት ዘፍጥረት ዮሴፍ ወንድሞቹን ወደ ከነዓን ሲያሰናብት፣ ዓይበታቸውን እህል ካስሞላላቸው በኋላ የመንገዱን ስንቅ ለብቻው እንዲሰጧቸው ማዘዙ ተጽፏል፤ በዓይበቱ ያለው ለቤት፣ ስንቁ ለጎዳና መሆኑ ነው፤ ሁለቱን የቀላቀለ ሰው ለቤቱ ያሰበውን በመንገድ ጨርሶ ይገባልና። በእኛም አገር መደበኛ ሠራዊት ከመደራጀቱ በፊት ዘማቹ ስንቁን ከየቤቱ ይዞ ይወጣ ስለ ነበር፣ በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ የተመመው ሕዝብ የተማመነው በጠመንጃውና በጋሻው ብቻ ሳይሆን፣ እናቶችና ሚስቶች ቆልተው፣ ፈጭተውና አድርቀው በሰጡት በሶ፣ ድርቆሽና ቋንጣ ጭምር ነበር፤ ያ ስንቅ እየተሟጠጠ መሄዱም ከጦርነቱ በፊት ባሉት ሳምንታት የንጉሠ ነገሥቱ ታላቅ ጭንቀት ሆኖ ነበር። በንግዱም በኩል ከሰሜን አሞሌ ጨው ጭኖ ወደ ቦንጋ ገበያ የሚወርደው፣ ከዚያም ቡናውን፣ ኮረሪማውንና ዝባዱን፣ በዚያ በክፉው ዘመን ልማድም የሰውን ልጅ ጭምር እየነዳ የሚመለሰው ሲራራ ነጋዴ፣ በጎዳናው ላይ ሆቴል የሚባል ነገር ስላልነበረ የሚጎርሰው ከገዛ ስልቻው ነበር።

መኪና መጥቶ የወራቱ ጉዞ ወደ ቀናት፣ አስፋልት ተነጥፎ የቀናቱ ጉዞ ወደ አንድ ቀን ሲያጥር፣ «ለአንድ ቀን መንገድ ምን ስንቅ ያስፈልጋል?» የሚል አነጋገር ከተማው ውስጥ ተለመደ። እኔ እንደሚመስለኝ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ለወር ጉዞ ስንቅ መያዝ ከባድ ሸክም ሲሆን፣ ለአንድ ቀን የሚያዘው ግን በጭን ላይ የሚቀመጥ ጥቅል ብቻ ነው፤ የማይበላሽበትም ተስፋ ከቀድሞው እጅግ የበለጠ ነው።

ስለማይበላሽ ስንቅ ካነሣን ዘንድ፣ ለዚህ አገር የሚስማማው ምሳሌ ከራሱ ከቡናው የተገኘ ነው። ከ1769 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአገራችን ቆይቶ የነበረው የስኮትላንዱ መንገደኛ ጄምስ ብሩስ፣ በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ፣ ኦሮሞዎች ወደ ሩቅ አገር ሲዘምቱ የቡናን ፍሬ ቆልተውና ወቅጠው ከስብ ጋር ይለውሱት፣ በእጅም አድበልብለው በቁርበት ከረጢት ይይዙት እንደ ነበረ፣ አንዲቱም ድብልብል ሰውን ቀኑን ሙሉ ታቆም እንደ ነበረች ገልጿል፤ ቡናን በቅቤ ቆልቶ መብላት በኦሮሞ ሥርዓት ቡና ቀላ ተብሎ እስከ ዛሬ አለ። በዚህች ድብልብል ውስጥ ያለው ጥበብ በዘመናዊ ቤተ ሙከራ ቋንቋ ሲተነተን እንዲህ ነው፤ ምግብን የሚያበላሹት በዓይን የማይታዩ ረቂቃን ሕዋሳት ያለ ውሃ መራባት አይችሉም፤ የተቆላ ነገር ውሃው በእሳት ተባርሯል፤ የተነጠረም ቅቤ ውሃውና የወተት ዝቃጩ ስለ ተለየለት ከለጋው ቅቤ ይልቅ ብዙ ጊዜ ይቆያል። በተቃራኒው እርጥበት ያለው የሥጋ ወጥ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ ከሁለት ሰዓት በላይ ቢቀመጥ የሕዋሳቱ መራቢያ ይሆናል፤ ጎሕ ሲቀድ ከአዲስ አበባ ብርድ ውስጥ በሳህን ተከድኖ የወጣው ዶሮ ወጥ ረፋዱ ላይ የግቤ ሸለቆ ሙቀት ሲቀበለው ምን እንደሚሆን ከዚህ መገመት ይቻላል። በሆድ ሕመም የሚወጣው የሕክምና ወጪ ደግሞ ከስንቅ ከተረፈው ገንዘብ ሁሉ ይበልጣል።

ስለዚህ ለዚህ ጎዳና ከሁሉ የሚሻለው ስንቅ በሶ ነው ብል አላፍርም። ገብሱ ተፈትጎ ገለባው ከተለየ በኋላ በብረት ምጣድ ላይ እየታመሰ ይቆላል፤ እንዳይከስል እሳቱ መለስተኛ ይሆናል፤ ፍሬው ፈክቶ መዓዛው ከጓዳ አልፎ ደጅ ሲደርስ ይወርድና ቀዝቅዞ ይፈጫል፣ ይነፋል። በሚቆላበት ጊዜ እሳቱ አስቀድሞ ስላበሰለው በጉዞ ላይ ሌላ ማብሰያ አይፈልግም፤ ቀዝቃዛ ውሃና ቁንጥር ጨው፣ ወይም ለልጆች ጥቂት ስኳር ይበቃዋል። ለአንድ ሰው ለአንድ ጊዜ 100 ግራም ብንመድብ፣ ይህም ወደ 350 ካሎሪ የሚጠጋ ኀይል ያለው ነው፣ አንድ ኪሎ በሶ የአራት ሰው ቁርስ ሁለት ጊዜ ሸፍኖ የሁለት ሰው ድርሻ ይተርፈዋል። አንባቢ የአንድ ኪሎ ገብስን ዋጋና የወፍጮውን ክፍያ ደምሮ በሆቴል ከሚበሉ ስምንት የቁርስ ሳህኖች ዋጋ ጋር ያስተያየው፤ ከዚህ በኋላ ስለ በሶ የምጨምረው ምስክርነት የለም።

በሶው የተነጠረ ቅቤ፣ ጨውና የተወቀጠ ኮረሪማ ሲገባበት ጭኮ ይሆናል። ኮረሪማው የዚሁ የደቡብ ምዕራብ ጫካ ተወላጅ ስለሆነ፣ ከሚዛን ተመላሽ ወደ አዲስ አበባ ይዞት ሲሄድ በዋጋው ብዙ ይጠቀማል። ጭኮው በሰፊ ሳህን ተጠፍጥፎ ከረጋ በኋላ በቢላዋ እየተቈረጠ በወረቀት ቢጠቀለል፣ እጅ ሳያሳድፍ፣ ማንኪያም ሳይጠይቅ በመስኮት ወደ ውጭ እየተመለከቱ የሚበሉት ምግብ ነው። በረቡዕና በዓርብ፣ በዐቢይ ጾምም ጊዜ የሚሄድ ክርስቲያን በቅቤ ፈንታ በዘይት የተሠራ ዳቦ ቆሎ ይያዝ፤ ይህም የልጆችን አፍ ከብስኩት ይመልሳል፤ ምክንያቱም ልጅ በጉዞ ላይ የሚጠይቀው ብዙውን ጊዜ ከረኃብ የተነሣ ሳይሆን ከመሰልቸት የተነሣ ስለሆነ፣ አፉን በሚያንቀሳቅስ ነገር ሁሉ ይጽናናል። ቆሎውንም ቢሆን በየመቆሚያው በትንንሽ ላስቲክ ተቋጥሮ ከሚሸጠው ይልቅ ከገበያ በጣሳ ሰፍሮ መግዛት ይረክሳል፤ በቋጠሮዎቹ ላይ የሚከፈለው ዋጋ የእህሉ ብቻ ሳይሆን በመስኮት ሥር የሚሮጠው የልጁ ድካም ዋጋም ነውና፤ ያን ድካም ግን ሙሉ በሙሉ ማለፍ ጭካኔ ስለሚሆን፣ አንዲት ቋጠሮ መግዛት ከቁጠባው ሥርዓት አያስወጣም።

ስንቅ የሚበላሽበት ሌላው ምክንያት የያዘው ዕቃ ነው። አያቶቻችን ለመንገድ የሚሆን ምግብ የሚይዙበት አገልግል ከሣር ተሰፍቶ በፍየል ቆዳ የተለበጠ፣ ክዳኑም በጠፍር የሚታሰር ስለ ነበረ፣ ቆዳው እንጀራው ፈጥኖ እንዳይደርቅ ሲጠብቅ፣ ሣሩ ደግሞ ትንፋሹን ይቀበለው ነበር። የዛሬ መንገደኛ ከእሳት የወረደውን ዳቦ ወዲያውኑ በፌስታል አፍኖ ያስረዋል፤ እንፋሎቱ መውጫ ስለሚያጣ ላብ ሆኖ ዳቦው ላይ ይንጠባጠባል፤ በነጋታውም ሻጋታ ያበቅላል። ዳቦው ሌሊቱን በወንፊት ላይ ቀዝቅዞ፣ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ቢያዝ ሁለት ቀን ያለ አንዳች ነቀፋ ይቆያል። በቡና አገር ደግሞ የኮባና የሙዝ ቅጠል ከየጓሮው በነፃ ስለሚገኝ፣ በቅጠል ተጠቅልሎ የተጋገረ ዳቦ ከነቅጠሉ መጓዙ ከማናቸውም የተገዛ መያዣ የሚሻል ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ማለት አውቶቡስ ወደሚቆምበት ሆቴል እንግባ። ሆቴሉን የሚመርጠው ተሳፋሪው ሳይሆን ሹፌሩ ነው፤ ሹፌሩና ረዳቱም በብዙ ቦታ ሒሳብ ሳይጠየቁ የሚስተናገዱ እንግዶች መሆናቸውን በዚህ መንገድ የተመላለሰ ሁሉ ያውቀዋል። የእነርሱ ሳህን ዋጋ ግን ከሰማይ አይወርድም፤ በስልሳው ተሳፋሪ ሒሳብ ላይ በጥቂት በጥቂቱ ተደልድሎ ይከፈላል። ባለ ሆቴሉን ብቻ መክሰስ ግን ፍርድ ማጓደል ይሆናል፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ስልሳ ሰው የሚያጠግብ ወጥና እንጀራ ተሰናድቶ መጠበቅ አለበት፤ አውቶቡሱ ጎማ ፈንድቶበት ቢቀር፣ ወይም ሹፌሩ ወደ ጎረቤቱ ሆቴል ቢያዞር፣ ያ ሁሉ ይደፋል፤ ስለዚህ የሚመጣው መንገደኛ ያልመጣውንም መንገደኛ ዕዳ ይከፍላል። ከዚህም ሌላ የከተማው ሆቴል ዛሬ ያስከፋውን ደንበኛ ነገ ስለሚያጣው ይጠነቀቃል፤ የመንገዱ ሆቴል ግን ዛሬ ያየውን ሰው ዳግመኛ እንደማያየው ያውቃል። ተሳፋሪው ደግሞ ጥሩምባው እስኪነፋ የተሰጠው ጊዜ አጭር ስለሆነ ዋጋ አይጠይቅም፣ ሌላ ቤት አያማርጥም፤ ርቦት የገባ ሰውም ከሚበላው በላይ ያዛል። የተራበ ሆድ፣ የጠበበ ጊዜና አንድ በር ብቻ ሲገናኙ ዋጋው ቢወደድ ሊገርመን አይገባም።

እኔ መንገደኛውን ከሆቴል ፈጽሞ ራቅ ብዬ አልመክረውም፤ ትኩስ ምግብ ለደከመ ሰውነት መድኃኒት ነውና። ከሦስቱ ማዕዶች አንዱን ብቻ ይግዛ፤ እርሱም ጅማ ላይ ቢሆን መልካም ነው። ጅማ ትልቅ ከተማ ስለሆነች፣ ከአውቶቡሱ ማረፊያ ጥቂት ፈቀቅ ብሎ ወደ ውስጥ የገባ ሰው፣ ሠራተኛውና ነጋዴው በየቀኑ የሚበሉባቸውን ቤቶች ያገኛል፤ በእነዚህ ቤቶች ነዋሪው ዋጋውን ጠባቂ ሆኖ ይቆምለታል። ከተቀመጠ በኋላም ለአራት ሰው አራት ሳህን ማዘዝ ግዴታ አይደለም፤ ሁለት ወይም ሦስት በያይነቱ በአንድ ትሪ አስቀርቦ እንጀራ ማስጨመር ከሌላ ሳህን ይረክሳል፤ በአንድ ማዕድ መቅረብ የኖረ ልማዳችን ስለሆነም አስተናጋጁ በዚህ አይገረምም። ለስላሳውን መተው ብቻውን የአንድ ሳህን ዋጋ ያህል ያስተርፋል፤ ውሃውን ከቤት አፍልቶና አቀዝቅዞ በታጠበ ሃይላንድ ወይም በኮዳ መያዝም እንዲሁ።

ከዚህ ቀጥሎ የማነሣው ነገር የሒሳብ መጽሐፍ ጸሐፊዎች የሚዘነጉት ነው። በአገራችን አውቶቡስ ውስጥ ስንቅ የፈታ ሰው አጠገቡ ለተቀመጠው «እንብላ» ሳይል ሊጎርስ አይችልም፤ ጎረቤቱም አንድ ጊዜ «ይባረክ፣ ይብሉ» ብሎ እንቢ ይላል፤ ሁለተኛ ሲለመን አንዲት ጉርሻ ይወስዳል። ስለዚህ ስንቅ በራስ ሆድ ልክ ብቻ ከተለካ ይጎድላል፤ ጥቂት ማስተረፍ ያስፈልጋል። ነገር ግን ይህ ትርፍ ባክኖ የሚቀር አይደለም፤ ያ ጎረቤት ከጅማ በኋላ የራሱን ቋጠሮ ሲፈታ ድርሻው ይመለሳል። በተለይ በዚህ ጎዳና ላይ ክርስቲያኑና እስላሙ ጎን ለጎን የሚቀመጡ በመሆናቸው፣ የሥጋ ስንቅ የያዘ ሰው ማዕዱን ለግማሹ ተሳፋሪ እንደ ዘጋ ይቈጠራል፤ አንዱ በሌላው ስም የታረደውን አይበላምና። ጿሚውም ከቋንጣ ፍርፍሩ ይርቃል። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦና ፍራፍሬ ግን በሁለቱም ሃይማኖት የተፈቀዱ፣ በጾምም በፍስክም የማይነቀፉ ስለሆኑ፣ ርካሹ ስንቅ ሁሉም የሚቀርብበት ማዕድ ሆኖ ይገኛል። ይህ የተገጣጠመው በአጋጣሚ ነው ብዬ ለማመን ይቸግረኛል፤ ብዙ ዘመን አብሮ የተጓዘ ሕዝብ የማይጣላበትን ምግብ ለጎዳና መርጦ ያስቀረ ይመስለኛል።

ከቤት የሚያዘው ደረቁ ከሆነ፣ እርጥቡን ጎዳናው ራሱ ያቅርበው፤ ሕጉም አንድ ነው፤ ማናቸውንም ነገር በሚበቅልበት ቦታ ግዛ፣ ከሚበቅልበት በራቀ ቁጥር የሚከፈለው ለመኪናው ነውና። ወልቂጤ የጉራጌ አገር ስለሆነች ቆጮው ከዚያ ይገዛል፤ ቆጮ ተብላልቶና ኮምጥጦ የተሠራ በመሆኑ ኮምጣጣነቱ ራሱ ከብልሽት ይጠብቀዋል፤ ሆኖም ክትፎውን ጨምሮ ያዘዘ ሰው የቁጠባን ነገር ለዚያች ቀን ይርሳት። ጎጀብን ተሻግሮ ወደ ቦንጋ ሲወጣ ማሩና ኮረሪማው፣ ከቦንጋ አጠገብ ደግሞ የውሽ ውሽ ሻይ እርሻ ይገኛል። ሚዛንና ቴፒ ሲደረስ አየሩ ይሞቃል፤ ሙዙ፣ አናናሱ፣ አቮካዶውና በወራቱ ማንጎው ከየጓሮው ተለቅሞ በመንገድ ዳር ይደረደራል፤ በዚህ አገር ለልጅ ብስኩት መግዛት ከውቅያኖስ ዳር ተቀምጦ ጨው እንደ መለመን ነው። በገበያው የሚገኘው ጎደሬ ደግሞ የአገሬው ሰው የዘወትር ምግብ ነው፤ ጥሬውን የሞከረ ጉሮሮው ስለሚያሳክከው በሚገባ መቀቀል አለበት፤ የተቀቀለው ግን ተልጦ በጨውና በሚጥሚጣ ሲበላ ለግማሽ ቀን ያህል ሆድ ይይዛል፤ ዋጋውም ከእንጀራው ጋር አይወዳደርም።

ቡናን በተመለከተ ከቤት በፔርሙዝ ይዞ መሄድ በዚህ ጎዳና ላይ ከንቱ ድካም ነው። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ከጌሻ አካባቢ የተወሰደው የቡና ዘር በምሥራቅ አፍሪካና በኮስታ ሪካ በኩል ፓናማ ደርሶ፣ በ2004 እ.ኤ.አ. በአንድ ጨረታ ላይ ግማሽ ኪሎ የማይሞላው አንድ ፓውንድ በ21 ዶላር መሸጡ በዓለም የቡና ነጋዴዎች ዘንድ ታላቅ ወሬ ሆኖ ነበር፤ የዚያ ዘር አገር በሆነው በዚህ ምድር ግን በመንገድ ዳር በርጩማ ላይ ተቀምጦ ከጀበና የሚቀዳው ስኒ ከታሸገ ውሃ ያነሰ ዋጋ የሚጠየቅበት ቦታ ብዙ ነው። ከሁሉ ወጪ የማይቀነሰው ይህ ነው፤ ቡናዋን የምታፈላዋ ሴትም የትኛው ሆቴል እንደሚያስወድድ፣ የትኛው መንገድም በዝናብ እንደ ተበላሸ በነፃ ትነግራለች።

በመመለሻው ጊዜ ደግሞ ፈተናው የተለየ ነው፤ መንገደኛው በቴፒ ርካሽነት ተማርኮ ከሚበላው በላይ ይጭናል። ሙዙን ሲመርጥ ለጉዞው የሚበላውን ጥቂት የበሰለ፣ ለቤት የሚወስደውን ግን ጫፉ ገና አረንጓዴ የሆነውን ይውሰድ፤ የበሰለው ከአረንጓዴው ጋር በአንድ ከረጢት ከታፈነ የሚያወጣው ጋዝ ሌላውንም አስቀድሞ ያበስለዋልና ለየብቻ ይያዙ። አናናሱ ከነቅጠሉ ይቀመጥ። ማሩ በሚጠመዘዝ ክዳን በተዘጋ ጀሪካን ተደርጎ በእግር መካከል ቀጥ ብሎ ይጓዝ፤ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ቢወጣ ፀሐዩ አቅጥኖ በሌላ ሰው ሻንጣ ላይ ያፈሰዋል፤ የዚያም ካሳ ከማሩ ይወደዳል። ፖርቶ መጋላ ላይ የሚወጣ ዕቃ ካለ ደግሞ የጭነቱን ዋጋ ከረዳቱ ጋር መነጋገሪያው ጊዜ ዕቃው መሬት ላይ ሳለ ነው፤ አንዴ ከወጣና በገመድ ከታሰረ በኋላ የሚጠየቀው ዋጋ ከቴፒ ገበያ የተገኘውን ትርፍ ሁሉ ይወስደዋል።